አንቲባዮቲክ እየወሰዱ ሽንት ውስጥ ስኳር ቢገኝ፦ መድኃኒቱ ነው ወይስ በሽታው?

ጎንደር ውስጥ ከአንዱ ላቦራቶሪ የሽንት ምርመራ ውጤቱን የተቀበለ ሰው «ግሉኮስ» በሚለው ትይዩ ሁለት ወይም ሦስት ፕላስ ተጽፎ ሲያይ መደንገጡ አይቀርም። የሚያጽናናው ሰው ግን አያጣም። «አሞክሳሲሊን እየወሰድክ አልነበር እንዴ? እሱ ነው ያበላሸው፤ ኪኒኑን ስትጨርስ ይጠፋል» ይሉታል። ሰውየውም እፎይ ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ይህ ማጽናኛ አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እውነት አይደለም። እውነት ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ዋጋው ከባድ ነው፤ ወደ ሐኪሙ መመለስ የነበረበት ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳልና።

አባባሉ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የአሞክሳሲሊንን፣ የሴፋሌክሲንን ወይም የሴፍትሪያክሶንን መግለጫ ወረቀት ከካርቶኑ አውጥቶ ያነበበ ሰው፣ መድኃኒቱ በሽንት የስኳር ምርመራ ላይ የሐሰት ፖዘቲቭ፣ ማለትም ስኳር ሳይኖር አለ የሚል ውጤት ሊያመጣ እንደሚችል ተጽፎ ያገኛል። ሰው ግን የማስጠንቀቂያውን ግማሽ ብቻ ይዞ ይሄዳል። ያው ወረቀት ነገሩ የሚመለከተው በመዳብ የሚሠራውን የድሮውን ምርመራ እንደሆነ ይናገራል፤ በኢንዛይም በሚሠራው ዘዴ ተመርመሩ ብሎም ይመክራል። ዛሬ በአብዛኛው ላቦራቶሪያችን ሽንት ውስጥ ተነክሮ የሚወጣው፣ ባለ ብዙ ቀለም ካሬዎች የተለጠፉበት ቀጭን ፕላስቲክ በኢንዛይም የሚሠራው ስትሪፕ ነው። ስለዚህ በስትሪፕ የታየን ስኳር በአሞክሳሲሊን ወይም በሴፍትሪያክሶን ማመካኘት አይቻልም።

ይህን ለመረዳት ሁለቱ ምርመራዎች ምን እንደሚያዩ ማወቅ ያስፈልጋል።

የድሮው ምርመራ በአሜሪካዊው ኬሚስት በስታንሊ ቤኔዲክት ስም ይጠራል፤ የተሠራውም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ የተማረ ሰው ሰማያዊውን ፈሳሽ ያስታውሰዋል፤ ኮፐር ሰልፌት፣ ሶዲየም ሳይትሬትና ሶዲየም ካርቦኔት ያለበት ነው። 5 ሚሊ ሊትር ያህል የዚህ ፈሳሽ ላይ 8 ጠብታ ሽንት ይጨመርና ይፈላል። ስኳር ከሌለ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ካለ እንደ መጠኑ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ሲበዛም የሸክላ ጡብ የመሰለ ቀይ ይሆናል። የቀለሙ ለውጥ የሚመጣው ስኳሩ ለመዳቡ ኤሌክትሮን ስለሚሰጠው ነው፤ የተቀበለው መዳብ ቀይ ኦክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል። በ1941 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ክሊኒቴስት የተባለው ኪኒንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ልዩነቱ እሳት አለመፈለጉ ነው፣ ኪኒኑ ሽንት ውስጥ ሲገባ በራሱ ሙቀት ያፈላዋል።

መዳቡ ግን ኤሌክትሮን ማን እንደሰጠው አይለይም። ግሉኮስ ቢሰጠው ይቀበላል፤ ላክቶስ ቢሰጠው ይቀበላል፤ ቫይታሚን ሲ ቢሰጠውም እንዲሁ። ጡት የምታጠባ እናት ሽንት ውስጥ የወተት ስኳር ስለሚገኝ የስኳር በሽታ ሳይኖርባት በቤኔዲክት ፖዘቲቭ ልትሆን ትችላለች። ፔኒሲሊንና አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ሴፋሌክሲን፣ ሴፍትሪያክሶንና ሌሎቹ የሴፋሎስፖሪን ዘመዶቻቸው የሚገቡትም በዚህ ቀዳዳ ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መድኃኒት የሆነው ናይትሮፉራንቶይንና ድሮ ለዚሁ ሕመም በብዛት ይታዘዝ የነበረው ናሊዲክሲክ አሲድም እንደዚሁ ናቸው።

በተለይ እነዚህ መድኃኒቶች ሽንትን የሚያስቱበት ምክንያት አካሄዳቸው ነው። ከተዋጠ አሞክሳሲሊን 60 በመቶ ያህሉ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ሴፋሌክሲን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በ8 ሰዓት ውስጥ በዚያው መንገድ ይወጣል። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ጥሩ መድኃኒት ያደረጋቸውም ይኸው ነው፤ ባክቴሪያው ባለበት ቦታ ተከማችተው ያገኙታል። ስለዚህ ደም ውስጥ ትንሽ ሆኖ የሚለካ መድኃኒት ሽንት ውስጥ በብዙ እጥፍ ሊገኝ ይችላል፤ ሰማያዊው ፈሳሽም ይህንኑ ክምችት ስኳር መስሎት ቀለሙን ይለውጣል። መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር፣ በተለይም በደም ሥር በሚሰጥ ጊዜ፣ ማሳሳቱ ይበረታል።

ስትሪፑ ግን ሌላ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሔለንና አልፍሬድ ፍሪ የተባሉ ባልና ሚስት ኬሚስቶች ነክሮ የሚነበበውን የመጀመሪያውን የሽንት ስኳር ስትሪፕ ለገበያ አበቁ። ካሬው ውስጥ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ይህ ኢንዛይም መዝገቡ ላይ ስሙ የተጻፈለትን አባል ብቻ እንደሚጠራ የእድር ጸሐፊ ነው፤ ከግሉኮስ በቀር ማንንም አይጠራም። ግሉኮስን ሲያገኝ ወደ ግሉኮኒክ አሲድ ይለውጠውና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ሁለተኛው ኢንዛይም ፐርኦክሲዴዝ ደግሞ በዚያ ፐርኦክሳይድ ተጠቅሞ ካሬው ላይ ያለውን ቀለም ይለውጣል። አሞክሳሲሊኑ ሽንት ውስጥ የፈለገውን ያህል ቢኖር የመጀመሪያው ኢንዛይም ስለማያውቀው ነገሩ አይጀመርም። ላክቶስም እንደዚሁ ያልፋል።

ይህ ማለት ስትሪፕ አይሳሳትም ማለት አይደለም። ሁሉንም በአንቲባዮቲክ ስናመካኝ ትክክለኛዎቹን አሳሳቾች እንዘነጋለን።

አንዱ በረኪና ነው። ሽንቱን ከቤት ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመጣው በሃይላንድ ጠርሙስ ወይም ባገኘው ብልቃጥ ነው። ንጹሕ እንዲሆን ብሎ በበረኪና አጥቦት ይሆናል፤ ማጽዳቱ የጠንቃቃ ሰው ሥራ ነው። ነገር ግን ጠርሙሱ ግርጌ የቀረች ጥቂት በረኪና ስኳር ሳይኖር ቀለሙን ራሷ ትለውጠዋለች፤ ኢንዛይሙ እስኪሠራ አትጠብቅም። ሰውየው ምንም ሳይኖረው በስኳር ይጠረጠራል። ላቦራቶሪ የሚሰጠው ኩባያ እያለ ከቤት ባመጡት ዕቃ መስጠት የማይመከረው አንድም ለዚህ ነው።

ሌላው ቫይታሚን ሲ ነው፤ የእሱ ጣጣ ግን በተቃራኒው በኩል ነው። ጉንፋን ይዞት መድኃኒት ቤት የገባ ሰው አሞክሳሲሊንና ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ቫይታሚን ሲ አንድ ላይ ይዞ ሲወጣ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ቫይታሚን ሲ ስትሪፑ ላይ የተፈጠረውን ፐርኦክሳይድ ቀለሙ ሳይለወጥ ቀድሞ ይበላዋል። በዚህ ምክንያት ሽንት ውስጥ ያለው ስኳር አነስተኛ ከሆነ ውጤቱ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ልብ በሉ፤ ያው ሰው በቤኔዲክት ቢመረመር ቫይታሚን ሲውም አሞክሳሲሊኑም ያለ ስኳር ፖዘቲቭ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ በስትሪፕ ቢመረመር ደግሞ በእውነት ሽንቱ ውስጥ የሚገኝ ስኳር ሊደበቅ ይችላል። አንድ ሽንት፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ተቃራኒ ውጤት። «የትኛው ልክ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ «በምን ተመረመረ?» ብሎ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ክዳኑ ተከፍቶ እርጥበት የገባበት የስትሪፕ ዕቃ አይታመንም። የግሉኮሱ ካሬ በብዙዎቹ ስትሪፖች በ30 ሰከንድ መነበብ አለበት፤ በሰልፍ ብዛት ተጣድፎ ወይም ሌላ ሥራ ይዞ ዘግይቶ ያነበበው ባለሙያ ሌላ ቀለም ያያል። ሰውነት በስኳር ፈንታ ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠረው ኪቶንም መጠኑ ሲበዛ አነስተኛ ስኳርን ሊሸፍን ይችላል። ባክቴሪያ ያለበት ሽንት ሳይመረመር ለሰዓታት ከተቀመጠ ባክቴሪያው ስኳሩን ይመገበዋልና ፖዘቲቭ የነበረው ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ይህን የመጨረሻውን በተለይ አስቡት፦ ሽንት ውስጥ ያለው ኢንፌክሽን ራሱ ስኳሩን የሚያጠፋበት ሁኔታ አለ።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። አንቲባዮቲክና ሽንት ውስጥ ያለ ስኳር አንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ በአጋጣሚ አይደለም። አዘዞ የምትኖር አምሳ ዓመት የሆናትን አንዲት እናት እናስብ። ሽንቷ ያቃጥላታል። ሰፈሯ ካለ መድኃኒት ቤት ሲፕሮ ገዝታ ትውጣለች፤ ይሻላታል። ከወር በኋላ ይመለስባታል፤ አሁን ደግሞ አሞክሳሲሊን ትወስዳለች። ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስባት፣ ኪኒኑን ጀምራ ሳለች ልጇ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ትወስዳታለች። ሽንቷ ሦስት ፕላስ ስኳር ያሳያል። ጎረቤቷ ቡና ላይ «እታለም፣ ያ ሁሉ ኪኒን ሽንትሽን ምን ያላደርገው! እሱ እስኪወጣ ጠብቂ» ትላታለች። ከልቧ ነው፤ ማስደንገጥ አልፈለገችም። ይህች እናት ግን ወራት ሙሉ ውኃ ጥም አልለቃት ብሏል፤ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ትነሣለች፤ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ሽንቷ ላይ የሚደጋገመውን ኢንፌክሽን ያመጣው ስኳሩ ነው። ደሟ ውስጥ የበዛው ስኳር የሰውነቷን የመከላከል አቅም አዳክሞታል፤ ሽንቷ ውስጥ የፈሰሰው ደግሞ ለተሕዋስያኑ ምግብ ሆኗል። ስኳሩን ያመጣው መድኃኒቱ ሳይሆን፣ መድኃኒቱን ደጋግሞ ያስገዛት ስኳሩ ነው።

ተደጋጋሚ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የማይድን የእግር ቁስል፣ የሚመላለስ እባጭ፣ የብልት ማሳከክና ፈንገስ፤ እነዚህ ሁሉ ለስኳር በሽታ በር ከፋች ምልክቶች ናቸው። እነዚህን የያዘ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው ነው። ስለዚህ «አንቲባዮቲክ ላይ ነበረ» የሚለው ነገር የስኳርን ጥርጣሬ ማቅለል ሳይሆን ማጠንከር ነው ያለበት። እኔ በዚህ ላይ መሀል መንገድ አልይዝም፤ አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው ሽንቱ ላይ ስኳር ከታየ በዚያው ቀን ከጣቱ ደም ይወሰድ። ሳይበላ የተለካ የደም ስኳር 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም የበሽታው ምልክቶች ኖረው በማንኛውም ሰዓት 200ና ከዚያ በላይ ከሆነ ነገሩ የስኳር በሽታ ነው፤ ምልክት ከሌለ ምርመራው ይደገማል።

ለወጣቶች ደግሞ የበለጠ መፍጠን ያስፈልጋል። የጎንደር ሐኪሞች በገጠሩ የሚያዩዋቸውና ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙዎቹ የስኳር ሕሙማን ከሲታ፣ ወጣትና ድሀ ገበሬዎች እንደሆኑ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናታቸው አሳይተዋል። ስኳር የወፍራምና የከተማ ሰው በሽታ ነው የሚለው አመለካከት ደምቢያ ወይም ዳባት ላለ ልጅ አይሠራም። እንዲህ ያለ ልጅ ትኩሳት ይዞት መርፌ ተጀምሮለት ሽንቱ ላይ ስኳርና ኪቶን አብረው ከታዩ፣ ሆዱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ትንፋሹ ከከበደ የሚጠፋ ሰዓት የለም። ይህ ደም በኪቶን ብዛት አሲዳማ የሚሆንበት አደጋ ነው፤ ኢንፌክሽን ደግሞ የስኳር በሽታን ወደዚህ አደጋ ከሚገፉ ነገሮች ግንባር ቀደሙ ነው። «ሴፍትሪያክሶኑ ነው» ተብሎ እስከ ነገ ከተጠበቀ ነገ ላይደረስ ይችላል።

አንቲባዮቲክ በእርግጥ የሚያበላሸው የሽንት ምርመራ አለ፤ በስትሪፕ ላይ እሱ ስኳሩ አይደለም፣ ኢንፌክሽኑን የሚፈልገው ክፍል ነው። አንድ ሁለት ቀን ኪኒን ውጦ የመጣ ሰው ሽንቱ ውስጥ የነበረው ባክቴሪያ በከፊል ሞቷል፤ ናይትራይት የሚባለው ካሬ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ባክቴሪያውን አብቅሎ የሚያየው ካልቸርም ቢሠራ ምንም ላይበቅል ይችላል። ዶክሲሳይክሊንና ሌሎቹ የቴትራሳይክሊን ዓይነቶች፣ ሴፋሌክሲንና ጄንታማይሲን ደግሞ ነጭ የደም ሴል የሚያሳየውን ካሬ ሊያደክሙት ይችላሉ። እንግዲህ ነገሩን ተገላብጦ እናገኘዋለን፦ ሕዝቡ የሚጠራጠረው የስኳሩ ውጤት ትክክል ሆኖ ሳለ፣ አምኖ የሚቀበለው «ኢንፌክሽን የለም» የሚለው ውጤት ነው የሚያሳስተው። ያለ ሐኪም ማዘዣ አንቲባዮቲክ መሸጥ ክልክል ሆኖ ሳለ በየመድኃኒት ቤቱ መሸጡ ከሚያስከትላቸው ብዙ ጉዳቶች አንዱ ይህ ነው፤ በሽተኛው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ማስረጃው ጠፍቷል።

ከምርመራው ስሕተት ሌላ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ የደም ስኳርን በእውነት የሚለውጥበት ሁኔታ አለ። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሌቮፍሎክሳሲንና ወንድሞቻቸው የደም ስኳርን ከፍም ዝቅም ሊያደርጉ ይችላሉ። ከእነሱ አንዱ የነበረው ጋቲፍሎክሳሲን በዚሁ ምክንያት በ2006 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለቀሩት ማስጠንቀቂያውን አጠናከረ፤ በተለይ አዛውንት ሆነው የስኳር መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ ስኳሩ ወርዶ እስከ ራስን መሳት ሊያደርስ እንደሚችል ገለጸ። እኛ ዘንድ ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ አባት ሽንት ሲያቃጥለው ሲፕሮ ገዝቶ መዋጥ ቀላል ነገር ይመስላል። ኮትሪሞክሳዞልም፣ ሰው ባክትሪም የሚለው፣ ከግሊቤንክላማይድ ጋር ሲገናኝ ስኳርን ሊያወርድ ይችላል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ይብሳል። ላብ ያጠመቀው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ የተምታታበት የስኳር ሕመምተኛ አንቲባዮቲክ ጀምሮ ከሆነ ይህ መታሰብ አለበት። ሽንቱ ስለዚህ ምንም አይነግረንም፤ የደም ስኳር 90 ሆነ 40፣ ሽንት ለሁለቱም ኔጌቲቭ ነው።

ከአንቲባዮቲኩ ጎን እንደ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ያለ የስቴሮይድ መድኃኒት የተሰጠው ሰውም ስኳሩ ከፍ ሊል ይችላል፤ እሱም የምርመራ ስሕተት ሳይሆን እውነተኛ ጭማሪ ነው። ኢንፌክሽኑ ራሱም ሰውነትን ስለሚያስጨንቅ የደም ስኳርን ይጨምራል። እነዚህ ጭማሪዎች ሕመሙ ሲያልፍ ሊመለሱ ይችላሉ፤ ሆኖም እንዲህ ስኳሩ ከፍ ያለበት ሰው ከዳነ በኋላ ዳግም መለካት አለበት፤ የተደበቀ ስኳር የሚወጣው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ወቅት ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ክትትል ላይ ያሉትን ለይቼ ላንሣ፤ ስኳር ያለበት ሰው በነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሚሆን ሁለቱ በሽታዎች ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ። ከነቀርሳ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው አይሶናያዚድ በመዳብ የሚሠራውን ምርመራ ያሳስታል። ሌላው፣ ሪፋምፒሲን፣ ደግሞ ሽንትን ብርቱካናማ ያደርገዋል፤ በዓይን ተመሳክሮ የሚነበብ ስትሪፕ ላይ ያ ቀለም የካሬውን ቀለም ያደናግራል። ከዚህም በላይ ሪፋምፒሲን ጉበት ብዙ መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ የስኳር ኪኒኖችን ኃይል ይቀንሳል፤ ስኳሩ በእውነት ይወጣል። ስለዚህ የነቀርሳ ሕመምተኛን ስኳር በሽንት መከታተል ከመነሻው ልክ አይደለም፤ ደም ነው መለካት ያለበት።

ደም ይለካ ስል መለኪያው ከእንከን ነፃ ነው ማለቴ አይደለም። የሴፍትሪያክሶን መግለጫ መድኃኒቱ በአንዳንድ የጣት ደም ስኳር መለኪያ መሣሪያዎች ላይ ውጤቱን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል ያስጠነቅቃል፤ የየመሣሪያውን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል። ተኝቶ ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር የሚሰጠው የስኳር ሕመምተኛ መለኪያው ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ሲታይ ኢንሱሊኑ ከመቀነሱ በፊት በላቦራቶሪ ቢረጋገጥ ይሻላል። ሜትሮኒዳዞልም፣ ፍላጂል የምንለው፣ ሄክሶካይኔዝ በሚባለው የላቦራቶሪ ዘዴ ላይ ጣልቃ ሊገባ እንደሚችል መግለጫው ላይ ተጽፏል።

የሽንት ስኳር ምርመራ በጠቅላላው ምን ያህል ሊታመን ይገባል? ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት መልቀቅ የሚጀምረው ደም ውስጥ ያለው በአማካይ 180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲያልፍ ነው። የደም ስኳሩ 150 የሆነ ሰው ታሞም ሳለ ሽንቱ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። በዕድሜ ይህ ድንበር ከፍ ስለሚል የአንዳንድ አዛውንቶች ሽንት ስኳራቸው 200 አልፎም ዝም ይላል። በእርግዝና ጊዜ በተቃራኒው ድንበሩ ይወርዳል፤ ስኳር የሌለባት ነፍሰ ጡር ሽንቷ ላይ ስኳር ሊታይ ይችላል። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ የሽንት ኢንፌክሽን ስለሚበዛባቸው አሞክሳሲሊን፣ ሴፋሌክሲን ወይም ናይትሮፉራንቶይን የሚታዘዝላቸው ብዙ ናቸው፤ እዚህም ኪኒኑ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ስትሪፑ ላይ የታየው ግሉኮስ እውነተኛ ግሉኮስ ነው፤ የሚቀረው ጥያቄ ደሟ ውስጥ በዝቶ ነው ወይስ ኩላሊቷ ድንበሩን ዝቅ ስላደረገ ነው የሚለው ነው፤ እሱን የሚመልሰው ደግሞ የደም ምርመራ ብቻ ነው። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን ለልብ ወይም ለስኳር የታዘዘለት ሰውም ሽንቱ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ስኳርን በሽንት እያስወጣ ነውና።

ይህ ሁሉ ታውቆም ቢሆን ስትሪፑ ዋጋ አለው። መንገድ ሲዘጋና ዕቃ ሲያልቅ፣ የደም መለኪያው ባትሪ ወይም ስትሪፕ በማይገኝበት ጤና ጣቢያ፣ ሽንት ላይ ስኳርና ኪቶን ማየት የሰው ሕይወት ያተርፋል። ጎንደር በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተከፈተባት፣ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ለገጠሩ አሠልጥና የላከች ከተማ ናት። ያን ጊዜ የተላከው ባለሙያ ይዞት የሄደው ሰማያዊውን ፈሳሽ ቢሆን አይደንቅም። አሁንም ስትሪፕ አልቆበት ወደ ቤኔዲክት የሚመለስ ላቦራቶሪ ካለ፣ እዚያ የአንቲባዮቲክ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ተገቢ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ አንቲባዮቲኩን ማቋረጥ አይደለም፤ ኢንፌክሽኑ ሳይታከም መቅረቱ ከሐሰት ውጤቱ የከፋ ነው። ደም መለካት ወይም ሽንቱን በስትሪፕ መድገም ይቻላል። ሁለቱም ከሌሉ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን አሳልፎ መድገም ነው፤ የሴፍትሪያክሶን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ከ6 እስከ 9 ሰዓት ስለሚወስድበት እስከዚያ አብዛኛው ይወጣል። ምልክት ያለበት ሰው ግን ይህን ያህል ሊጠብቅ አይገባም፤ ደም ወደሚለካበት ቦታ መላክ አለበት።

ሊታረም የሚገባውና ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ወረቀቱ ላይ አለ። የሽንት ምርመራ መጠየቂያው ላይ በሽተኛው አሁን የሚወስደውን መድኃኒት የሚያስጽፍ አንድ መስመር ቢኖር፣ ቫይታሚን ሲና የነቀርሳ ኪኒንን ጨምሮ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው ውጤቱን ሲያነብ ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል። የውጤቱ ወረቀትም «ግሉኮስ 3 ፕላስ» ከሚለው ጎን «በስትሪፕ» ወይም «በቤኔዲክት» የሚል አንድ ቃል ይጨመርበት። ያ ቃል ካለ ሐኪሙ በሽተኛውን መልሶ አይጠይቅም፤ በሽተኛውም ቡና ላይ «መድኃኒቱ ነው» ሲባል የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። ከልጇ ጋር ጤና ጣቢያ የመጣችው የአዘዞዋ እናት ውጤት ላይ «በስትሪፕ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ቀጥሎ ያለው ክፍል ጣቷን ወግቶ ደሟን ለመለካት ሌላ ምክንያት አይፈልግም።